ግራ ያጋባን መንኮራኩር

የልጅ ልጄ ደጊቱ እንጅባራ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። የሰው ማመልከቻ ስታባዛ ትውልና ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ካርቶኗን ትዘረጋለች። ካርቶኑ ላይ በከዋክብት መሃል የሚሄድ መንኮራኩር ተሥሏል። ሥዕሉ የጓደኛዋ የክንዴ ነው፤ ቃሉ የእሷ። ነገሩ ጨዋታ ነው። አራት ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አንዱን መንኮራኩር አብሮ ይነዳል። አንዱ በየተራ አዛዥ ሆኖ ካርድ ያነባል፣ ሦስቱ የታዘዙትን ያደርጋሉ። የሰማይ ድንጋይ ከመታቸው አለቀላቸው።

ጨዋታው የፈረንጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት የክፍሏ ልጆች በእንግሊዝኛ ሲጫወቱት እሷ ቃሉ ስላልገባት አጠገባቸው ዝም ብላ ተቀምጣ ታይ ነበር። ያንን ዝምታዋን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ዳር ቁጭ ብሎ እንዳያፍር ብላ ነው ወደ አማርኛ መመለስ የጀመረችው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ስለሆነ ካርዶቹን መጀመሪያ የምታስነብበው እኔን ነው። ከተደናቀፍሁ ትሰርዘዋለች።

የሰረዘችው ግን ካቆየችው በለጠ። እኛ መንኮራኩር የምንለውን ፈረንጆቹ መርከብ ይሉታል፤ ዕቃውንም ሁሉ የጠሩት በድሮ መርከበኞች ቃል ነው።

«ሰማይ ላይ ምን ውሃ አለና ነው?» አልኋት።

«ሰማይ ሄዶ ያየ ሰው አልነበረማ፣ እምዬ። ታሪኩን ሲጽፉ ሩቅ አገር የሚያደርስ ነገር የሚያውቁት መርከብን ነው። ስሙን ከነዕቃው ወሰዱት።»

«እኛስ?»

«እኛ ከየት እናመጣለን? ዘንገና ሐይቅ ላይ በመርከብ የሄደ ሰው ያውቃሉ?»

አላውቅም። ዘንገናን ዳሩን እንዞረዋለን እንጂ መሃሉን ማን ይደፍረዋል። መልሕቅ የሚል ቃል ከመጽሐፍ አወጣች፤ ከተጫዋቾቹ አንዱም አላወቀው። ሸራ ብላ ስትጽፍ ስልክ ጠጋኙ አየነው «ጥሊሊ ገበያ የሽንኩርት ሻጮቹ ነው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከሁሉ የባሰው ግራና ቀኝ ነበር። የሚጫወቱት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለሆነ አዛዡ «ወደ ግራ» ሲል እያንዳንዱ በራሱ ግራ ይሄዳል። የአንዱ ግራ ለሌላው ቀኝ ነው፤ መንኮራኩሩም ከድንጋዩ ይላተማል። መርከበኞቹ ይህን ቀድመው አውቀውታል። ለመርከቡ ጎኖች ለየብቻ ስም አውጥተዋል፤ ሰው የትም ቢዞር ስሙ ከመርከቡ ጋር ይቀራል። የግራውን «ፖርት» ይሉታል። ይኸው ቃል ወደብም ማለት ነው አሉ። ደጊቱ የግራ ጎን ስም መሆኑን ሳታውቅ «ወደ ወደብ ዙሩ» ብላ ጻፈችው። ልጆቹ ካርቶኑ ላይ ወደብ ሲፈልጉ ድንጋዩ መታቸው።

ክንዴ ያን ቀን ካርዱን ወረወረው።

«አገሩ ወደብ ካጣ ስንት ዘመኑ፣ አንቺ ካርቶን ላይ ልታገኚው?» አላት። «ቅዳሜ ደግመን ከተደናበርን ካርዱ በእንግሊዝኛ ይታተማል። እኔ ለአማርኛው ሌላ ሥዕል አልሥልም።»

ሳምንቱን በሙሉ ፊቷ አልፈታ አለ። ልረዳት ብዬ የበሬ ጥማድን አነሳሁ፤ ግራ በሬና ቀኝ በሬ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል አልኋት።

«እምዬ፣ ከአራታችን ማን አርሶ ያውቃል?» አለችኝ ቀና ሳትል። እራቷንም ሳትነካው ተነሣች። እኔ በቁጣዋ ሳይሆን ባልተበላው እራት ተናደድሁ።

በማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን አብራኝ ሄደች። እንደ ወትሮው በሴቶች በር በኩል ቆምን። ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ድንገት ቀጥ አለች።

«እምዬ፣ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢያዞር የሴቶች በር በግራው ይሆንበታል። ስሙ ግን አይለወጥም አይደል?»

«ሰው በዞረ ቁጥር በር ስሙን ይቀይራል እንዴ?»

«የወንዶችም በር እንደዚያው።»

መንገድ መሃል ቆማ ሳቀች። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋባት፤ እጇን ይዤ ወደ ዳር ጎተትኋት።

ቅዳሜ እኔም ወጣቶቹ ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ተከትያት ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። የመንኮራኩሩ አፍንጫ ምሥራቅ ነው፣ ቀኙ የሴቶች በር፣ ግራው የወንዶች በር አለቻቸው። ማንም ድገሚልኝ አላላትም። ጨዋታው ሲፈጥን ስልክ ጠጋኙ አየነው ቃሉን አሳጠረው፤ «ሴቴ ጎን፣ ወንዴ ጎን» ይል ጀመር፣ እንደ ሶኬት መሰኪያ ወንዴና ሴቴ አድርጎት። ድንጋዩ ሁሉ በጎን በጎናቸው አለፈ። ክንዴ ራሱ አንድ ጊዜ «ወንዴ» ብሎ ጮኸ።

ቀጥሎ አዛዥነቱ ለሀይማኖት ደረሰ። አራተኛዋ ተጫዋች ሀይማኖት የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት። ካርዱን አንሥታ በልቧ አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው።

«የሴቶች በር ተሰበረ፣ እሳት ገባ ይላል። ይቅርታ ደጊቱ፣ እኔ የምሳለመውን በር በአፌ አልሰብርም።»

«አላልኋችሁም?» አለ ክንዴ። «በእንግሊዝኛ ቢሆን ማንም አይቀየምም።»

«ማንም አይገባውም በለው» አለችው ደጊቱ።

«የገባው ይጫወታል።»

«ያልገባውስ?»

«ይማራ።»

ደጊቱ ቦርሳዋን ከፈተች። እስክሪብቶ አወጣችና ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሣች «የሴቶች በር» ያለውን «ሴቴ ጎን»፣ «የወንዶች በር» ያለውን «ወንዴ ጎን» አደረገችው።

«በሩ ቀርቷል። አሁንስ?»

ሀይማኖት ካርዱን ደግማ አየችው። «ይህን ለማለት ግድ የለኝም።»

«እንዴ፣ ሰው ይስቅብናል» አለ ክንዴ። «ወንዴና ሴቴ ያለው የጠፈር መርከብ!»

«አንተ አሁን ስትጮኽበት ማን ሳቀብህ?» አለው አየነው።

ክንዴ ካርቶኑን ከፊታቸው አንሥቶ በብብቱ ያዘ። «ሥዕሉ የእኔ ነው» ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሥል እጅ ተሰጥቶት ለአንድ ቃል ብሎ ጥሎን በመሄዱ በጣም አዘንሁበት፤ ጠርቼ ልገስጸው አስቤ ደጊቱን ሳይ ተውሁት።

ደጊቱ ከቦርሳዋ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ክዳን አውጥታ መንኮራኩሩን ራሷ ሣለችው።

«የባንጃ ድንች ነው የሚመስለው» አለ አየነው።

«ዝም በል። እምዬ፣ ይምጡ፤ የክንዴ ቦታ ላይ ይቀመጡ።»

«እኔ?»

«በሦስት ሰው አይነዳም።»

ከሀይማኖት ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ሀይማኖት ካርዷን አነሣችና «ሴቴ ጎን ተሰበረ፣ እሳት ገባ፤ አጥፉ» አለች። እጄን ሰደድሁ። የደጊቱም የአየነውም እጅ እዚያው፣ ከእኔ እጅ ላይ አረፈ።

ደጊቱ እጇን ቶሎ አላነሣችም። ድንቹን እያየች «ክንዴ ቢሥለው እንዴት ያምር ነበር» አለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ካርድ ገፋ አደረገችልኝ፣ እንዳነብ።