ከእናቷ ጋር ወደ መድረክ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ልጄ አርያም የስምንተኛ ክፍል ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት በሁለት እጇ አቅፋ መድረክ ላይ ቆማለች። አጠገቧ ያለችው ሴት እኔ አይደለሁም። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህቺ ማን ናት?» ይለኛል። ባጭሩ የሚነገር ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ወሬ እቀይራለሁ። አሁን ግን ከጡረታ በኋላ ጊዜው አለኝና ልጻፈው።

ሸዋአየሁ እባላለሁ። ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እናቴ ታመመች፣ ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፋ፣ በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ በድሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በ1989 አሰብ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ያኔ ሚልዮን ዘጠኝ ዓመቱ፣ አርያም አምስት ዓመቷ ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እዚያው ሰፈራችን ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ገባሁ። ሥራዬ አንሶላ ማጠብና መተኮስ ነበር። ማታ ስመለስ ልጆቼ የዋሉበትን ነግረውኝ ሳይጨርሱ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። አርያም አንዳንዴ ጫማዬን አውልቃ እግሬን ታነሳልኝና ንባቧን ለእግሬ ታነብለት ነበር። ይህንን የነገረችኝ ካደገች በኋላ ነው።

ጎረቤቴ እጸገነት ነበረች። የቀበሌ ቤታችን በአንድ ስስ ግድግዳ የተከፈለ ስለነበር እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። በር ላይ ስኳር፣ ሻማ፣ ሳሙና የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበራት። አንድ ልጇ ሃይለአብ ከሚልዮን ጋር እኩያ ነው፤ ግን ሚልዮን ኳስ ሲያባርር እሱ መጽሐፍ ያባርራል። በ1990 የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ላይ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። እጸገነት ደስታዋን መቻል አቃታት። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲሆን መድረክ እንደምትወጣ እርግጠኛ ስለነበረች ሽሮ ሜዳ ይዛኝ ሄደች። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ተከራክረን ገዛን። «ገና አራት ወር አለ እኮ፣ ምን አጣደፈሽ?» ብላት «ልጄ አይሰንፍም፣ እኔ ለምን እሰንፋለሁ?» አለችኝ።

ለፋሲካ ሃይለአብ ከአባቱ ጋር አያቱን ሊጠይቅ አስመራ ሄደ። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ተነሳ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ። አባትና ልጅ እዚያው ቀሩ። ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ለገናም ለሠርግም አልወጣም። እኔም ወሬውን አንስቼባት አላውቅም።

አርያም አምስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች። አንድ ልጅ «የአንሶላ አጣቢ ልጅ» ብሏት በምሳ ዕቃዋ ጭንቅላቱን ብላዋለች። ወላጅ ካላመጣሽ ክፍል አትገቢም ተባለች። የላውንደሪው ኃላፊ አቶ ተስፋማርያም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን «የልጄ ትምህርት ቤት ተጠርቼ» ሲሉት «እኔም አምስት አሉኝ» ይላል እንጂ አይለቅም። ስለዚህ እጸገነትን ለመንኳት። ሱቋን ዘግታ ሄደች። ማታ ስገባ በሬ ላይ ቆማ እየሳቀች ጠበቀችኝ።

«ተቀጣች?» አልኳት።

«እሷ? ልጁ ነው እንጂ! መምህሩን ‹አንሶላ የምታጥብ እናት ባትኖር በንጹሕ አንሶላ ማን ይተኛ ነበር?› አልኩት። ዝም አለ።»

«ማን ነኝ አልሽ ታዲያ?»

«‹እናቷ ነዎት?› አለኝ። ‹ታዲያ ማን ልሁን?› አልኩት።»

በዚህ ተጀመረ። ካርድ ሲሰጥ እሷ ተቀበለች፣ ስብሰባ ሲጠራ እሷ ሄደች። ሦስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ሰዎች የአርያምን እናት የሚያውቋት በእጸገነት መልክ ነው። እኔ ማታ ካርዱን አያለሁ፤ ቁጥሩ ይገባኛል፣ አስተያየቱን አርያም ታነብልኛለች። ይበቃኝ ነበር። ደክሞኛልና ከዚያ በላይ ምን እንደምመኝም አላውቅም ነበር።

በ1998 ሰኔ ላይ አርያም ሮጣ ገባች።

«እማ፣ አንደኛ ወጣሁ! ከስምንተኛ ክፍል በሙሉ!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!»

«ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። የሚሸለም ልጅ ከእናቱ ወይ ከአባቱ ጋር ነው መድረክ የሚወጣው። ለእትዬ እጸጌ ነግሬያታለሁ። አንቺ ሥራ ነሽ አይደል?»

«አዎ» አልኩ። «ሥራ ነኝ።»

ላንቻ ጋራዥ መሥራት የጀመረው ሚልዮን ግራሶ የነካውን እጁን እየታጠበ «እኔንስ ማንም አይጋብዘኝም?» አለ።

«አንተ ሠላሳ አራተኛ ስትወጣ የነበርክ ሰውዬ!» አለችው አርያም።

«ከኋላ ሲቆጠር እኮ መድረክ የሚያስወጣ ነበር። በቃ፣ አቆጣጠሩ ነው የበደለኝ።»

ሳቅን። አርያም በክፋት እንዳልተናገረች አውቃለሁ። ከሥራ እንዳልጉላላ ነው ያሰበችው። ግን ልጄን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከማድረስ በቀር ግቢውን በወጉ አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ ለቢሊሴ ነገርኳት።

«ሂጂ እንጂ!» አለች ካውያውን ሳታስቀምጥ። «አንሶላው የትም አይሄድብሽም። ቅዳሜን እኔ እሸፍንልሻለሁ። አቶ ተስፋማርያምንም ለኔ ተይው።»

ለልጆቼም ለእጸገነትም ሳልነግር ልሄድ ወሰንኩ። ድንገት ሲያዩኝ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ልጄን ይዤ መድረክ እወጣለሁ፤ እጸገነትም ታጨበጭብልናለች ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደወትሮዬ ሥራ የምሄድ መስዬ ወጣሁ። ሆቴሉ ውስጥ ልብሴን ቀይሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ጥበቃው አስቆመኝ።

«የማን ወላጅ ነዎት?»

«የአርያም በድሉ እናት ነኝ።»

«የአርያም እናትማ ገብተዋል። አሁን ሰላም ብለውኝ አለፉ።»

«እኔም እናቷ ነኝ።»

«ስንት እናት ነው ያላት?»

«ሁለት» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ግቢው በወላጅ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ላይ እጸገነትን ከጀርባዋ አየኋት። ጠጋ ስል ጥለቱን ለየሁት። አረንጓዴው ቀሚስ ነው። ስምንት ዓመት የታጠፈበት መስመር ትከሻዋ ላይ ገና ይታያል፤ ካውያ እንኳ አላለቀቀውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስታየኝ ክው አለች።

«ሸዋዬ! ሥራስ?»

«ቢሊሴ ሸፈነችልኝ።»

ቀሚሷን አየች፣ እኔን አየች። «ዋይ አነ» አለች በትግርኛዋ። «እንግዲያስ አንቺ ነሻ የምትወጪው። እሰይ፣ እሰይ።» አፏ እሰይ ይላል፤ እጇ ግን የቀሚሱን ጫፍ ይዞ ይፈትላል።

ልጄ ናት። ጠዋት ከቤት ስወጣ ከዚህች ቀን ሌላ ምንም አልፈለግሁም ነበር። ግን ደግሞ ያን ቀሚስ ስንገዛ አብሬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደተገዛ ከኔ ሌላ በዚያ ግቢ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ድምፅ ማጉያውን የያዘው መምህር ገብረሃና ነበር፤ ያኔ በምሳ ዕቃው ጉዳይ እጸገነት ዝም ያሰኘችው መምህር።

«ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ፣ አርያም በድሉ! ከእናቷ ከወይዘሮ እጸገነት ጋር ወደ መድረክ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አርያም ከሰልፉ ወጥታ መድረኩ ላይ ቆመች። ያኔ አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ወደኔም ወደ እጸገነትም ታያለች፤ ማንን መጥራት እንዳለባት ግራ ገባት።

«ተነሺ እንጂ!» እጸገነት በክርኗ ጎሸመችኝ። «ልጅቷ ቆማለች!»

«የተጠራሽው አንቺ ነሽ።»

«አብደሻል? እናቷ ቁጭ ብላ እኔ ልውጣ?»

«ሱቅሽን እየዘጋሽ የተመላለስሽው አንቺ። የተሟገትሽላት አንቺ። ቀሚሱም በሳጥን አርጅቶ መቅረት የለበትም። ሂጂ እጸጌ።»

«ሸዋዬ…»

«ሂጂ አልኩ። ነገ አንሶላ የምተኩስ ሰው ነኝ፣ እግሬን ላሳርፍበት።»

ከኋላችን ያሉት «ኧረ ወላጅ ይውጣ!» ማለት ጀመሩ። እጸገነት እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች። ስትወጣ ቀሚሱ መሬቱን ጠረገ፤ ስንገዛው ከነበራት ቁመት ሐዘን ትንሽ ቀንሶባት ነበር። አርያም አሁንም ታየኛለች። በጭንቅላቴ «እሺ» አልኳት። ያኔ ነው የእጸገነትን እጅ የያዘችው። ሽልማቷን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ እንደተቀበለች ፎቶ አንሺው አነሳቸው።

ከመድረክ ሲወርዱ አርያም መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከባድ ነበር። ቤት እስክንደርስ እኔ ተሸከምኩት፤ ለማንም አልሰጠሁም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። ሰፈራችን ፈረሰ። እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ እጸገነት ጎተራ አካባቢ ተከራየች። አርያም አካውንቲንግ ተመርቃ ደምበል አጠገብ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ሚልዮን የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቁ ሃያኛ ወጥቶ ሲመጣ «ከኔ ተሻሽሏል» ብሎ ኬክ ገዛለት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

በ2010 ክረምት ሰላም ወርዶ የአስመራ በረራ ተከፈተና ሃይለአብ መጣ። ጢም ያበቀለ ትልቅ ሰው ሆኗል። አንድ እሑድ አርያምም ባለችበት እናቱ ይዛው ቤቴ መጣች። ፎቶው ፊት ቆሞ እናቱን በዚያ ቀሚስ ለረጅም ጊዜ አያት፤ የተገዛው ለምን እንደነበር ነግራዋለች። ከዚያ አርያምን ዞሮ አያት።

«እናቴ ካሜራውን እያየች ነው» አላት። «አንቺ ግን ወደ ጎን ነው የምታዪው። ማንን ነበር?»

«እማዬን» አለች አርያም። «እዚህ ጋ ተቀምጣ ነበር።» ጣቷን ከፍሬሙ ውጭ፣ ባዶ ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ሻዩ እንዳይገነፍልብኝ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ።