እንቅልፍ በየት በኩል ገባ

የሳሙና ፋብሪካው የቀን ዘበኛ «አባ ንቁ» ይባላል፤ ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው። «በዚህ በር እኔ ሳላየው ዝንብ አይገባም» ይላል። እውነት ነው፣ ከእንቅልፍ በቀር ሳያየው የገባ ነገር የለም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ አገኘውና ትከሻውን ነካ አደረገው።

«አባባ፣ ተኝተዋል።»

«አልተኛሁም ልጄ። ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነው።»

«ሲያንኮራፉ ሰማሁ እኮ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«ሁለተኛ ተኝተው ካገኘሁዎት እንሰነባበታለን» ብሎት ገባ።

አባ ንቁን ዛቻው ብቻ አልነበረም የቆረቆረው። እንቅልፍ የሚሉት ሌባ ዕድሜውን ሙሉ በፊቱ ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ እጅ ከፍንጅ አልያዘውም። ነቅቶ ካየው ገና አልመጣም፤ ከመጣ ደግሞ የሚያይ የለም። እንግዲያው ራሱን ሊጠብቅ ቆረጠ። ቤቱ ገብቶ ጋደም አለና «አሁን ነቅቻለሁ፣ አሁንም ነቅቻለሁ» እያለ የገዛ ልቡን ሲጠብቅ ነጋ። በማግስቱም እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። ሌባ መቼም ዘበኛው ቁጭ ብሎ እያየው አይመጣም።

በስተመጨረሻ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ሥራ አስኪያጁን በር ላይ አቁሞ መታወቂያ ጠየቀው። ከኋላ የመጣውን ውሻ ግን ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈው።

«ይሂዱና ይተኙ አባባ። ነገም እንዲህ ሆነው ከመጡ በሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ሚስቱ ጉዱን ስትሰማ ልትስቅ ነበር፤ ግን ተወችው። ከዚያ በር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ኮፍያውን ከራሱ ላይ አንስታ ደፋች፣ ዱላውን ተቀበለች፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ፈረቃህ አልቋል። ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ሲመጣ እኔ አየዋለሁ።»

«እንዳያመልጥሽ።»

«አያመልጠኝም።»

«እኔ እንደሚመስለኝ መጀመሪያ በእግር በኩል ነው የሚ...»

ሲነቃ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞራለች። ሚስቱ ኮፍያውን እንደደፋች ነው።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ምን ያደርጋል?»

«መጀመሪያ ወሬህን አፍህ ላይ ይቆርጠዋል። ከዚያ ያ የግንባርህ ቋጠሮ ይፈታል። ከዚያ የሕፃን ልጅ ፊት ይሆናል ፊትህ።»

«ይህን ሁሉ ዛሬ አየሽ?»

«ምን ዛሬ፣ ከተጋባን ጀምሮ ማታ ማታ አየዋለሁ።»

አባ ንቁ ያን ሁሉ ዘመን የሰው በር ሲጠብቅ፣ እሱ ራሱ በሌለበት ሰዓት ለካ እሱንም የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ደስ አለው፤ ትንሽም አፈረ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆም አለ።

«እንዴት ነው አባባ፣ ተኙ?»

«እኔ እንኳ አላየሁም ልጄ» አለ ኮፍያውን እያስተካከለ፤ «ምስክር ግን አለኝ።»