ጥገኛ የተባሉት ወፎች

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ልደታ፣ ከቤታችን ጓሮ ትልቅ ሾላ ነበር። ደርግ መሬቱን ሁሉ ሲወርስ ሾላውም የቀበሌ ነው ተባለ። ይሁን። ከአጠገቡ ባለችው ቁራጭ መሬት ግን እናቴ ጎመን ታለማ ነበር፤ እሁድ እሁድ ልደታ ማርያም ደጅ ትቸረችረዋለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ የበላነው ከዚያች ጎመን ነው።

ሾላው ብቻውን አልነበረም። ግንዱ ላይ እንደ ጢም የበቀለውን የዛፍ ሽበት ወፎቹ እየነጩ ለጎጇቸው ያነጥፉታል። ከቅርፊቱ ሥር እንሽላሊት፣ ከጉድጓዱ ንብ፣ ሲመሽ ደግሞ የሌሊት ወፍ። ፍሬው ሲበስል የማይመጣ የወፍ ዓይነት አልነበረም። ሾላ ጠግበው ጎመኑ ላይ ይወርዱና ትሉን ለቅመው ለጫጩቶቻቸው ይወስዳሉ። እናቴ "እኔ ምን ለፋሁ፣ ሠራተኞቹ እነሱ ናቸው" ትል ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራና ሾላው ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ይተከልበት አለ። ሾላ ለማገር አይሆን፣ ለጣውላ አይሆን፣ ጥገኛ ብቻ ነው የሚቀልበው አለ። ያን ጊዜ ጥገኛ ማለት የሰው ደም መጦ የሚኖር፣ አብዮቱ የሚመታው ጠላት ማለት ነበር። እንግዲህ ወፍ ጥገኛ ሆነች። አንድ ቃል ተምሮ ያገኘው ላይ ሁሉ የሚለጥፍ ደደብ!

እናቴ ተነሳች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ልጆቼ ብለው ይተዉልኝ። ወፎቹ ከሄዱ ጎመኔን ትል ይጨርሰዋል።"

"አንቺ ደግሞ የወፍ ጠበቃ ነሽ?" አላት፤ በዕድሜ የምትበልጠውን ሴት አንቺ ብሎ። አዳራሹ ሳቀ። ጎመኗን ሲበሉ የኖሩት ጎረቤቶቻችን ሳቁ፣ ከዚያም ይቆረጥ ብለው እጃቸውን አወጡ። ፈርተው ነው ይሉኛል። መፍራቱስ ይሁን፣ መሳቁን ምን አመጣው?

ሾላውን ከነጎጆው ከነእንቁላሉ ጣሉት። ግንዱም እዚያው በሰበሰ። ባሕር ዛፉ ተመዝዞ አደገ፣ አንድም ወፍ ጎጆ አልሠራችበትም። በቀጣዩ ክረምት ትሉ ጎመኑን ወንፊት አደረገው። እናቴ በእጇ ስትለቅም ትውላለች፣ በማግስቱ ያው ነው።

በመጨረሻ ጎመን ከአትክልት ተራ እየገዛች መቸርቸር ጀመረች። ደንበኞቿ "የጓሮሽ ነው አይደል?" ይሏታል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "አዎ፣ የጓሮዬ ነው" ትላለች። ከዚያ በፊት እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም።