ዜሮ የሰጠኋቸው ሰው

አዲስ አበባ፣ ከሲግናል ሰፈር ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነበር ያስገቡኝ። መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሲሚንቶው ላይ ሰፊ የመኪና ዘይት እድፍ ነበር። ልብስ ስለሚያበላሽ ማንም አይተኛበትም፤ አዲስ ገቢ ግን ሌላ ቦታ ስለማያገኝ ይተኛበታል። ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሰው ሆንን። በቆርቆሮው በርና በጣራው መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት አለ፤ በዚያ በኩል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል።

ከኩባ ከተመለስኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ለትምህርት ወደዚያ የተላኩትን የአገራችንን ልጆች ሁለት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ቆይቼ ነው የመጣሁት። ያስያዘኝ በአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ አልደግመውም፤ ያን ያህል የሚደነቅ አልነበረም።

አስተማሪ ሥራ ሲፈታ ያመዋል። በሁለተኛው ሳምንት ስፓኒሽ ማስተማር ጀመርኩ። ስድስት ሰዎች ተመዘገቡ። ለጀማሪ የሚቀለው ትእዛዝ ነው ብዬ ከዚያ ተነሣሁ፤ ያውም ሰው በራሱ ላይ ከሚፈጽመው ሥራ።

«እንዲህ ነው» አልኳቸው። «እኛ አጠበ ስንል ሌላውን ነው፤ ታጠበ ስንል ራሱን። ምልክቷን፣ ‹ተ›ን፣ ከፊት እናመጣለን። እነሱ ሲያዙ ከግሡ ኋላ ይቀጥሏታል፣ ከግሡ ጋር አንድ ቃል ሆና። ላቫ፣ እጠብ። ላቫቴ፣ ታጠብ። ሌቫንታቴ፣ ተነሥ። ሲየንታቴ፣ ተቀመጥ። ለትልቅ ሰው ሲሆን ግሡ ድምፁን ትንሽ ይለውጥና ቴ በሴ ትተካለች። ላቬሴ፣ ይታጠቡ።»

«ታጠብ ማለቱን ችለነዋል፤ ውሃው የታለ?» አለ ከጥግ አንድ ሹፌር። ክፍሉ ሳቀ።

ከስድስቱ አንዱ የእንጦጦ ገበሬ ነበሩ፣ ሽማግሌ። የሚፈለግ ወጣት ቤትህ አሳድረሃል ተብለው ነው የተያዙት። ውስጥ እግራቸው ተገርፎ ስላበጠ ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። ስጠይቃቸው አይመልሱም። «ቀጥል ልጄ፣ እየሰማሁ ነው» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን በክፍተቱ በኩል ጋራው ላይ ነው።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሹፌሩ በደበቃት የእርሳስ ቁራጭ፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የስም መቆጣጠሪያ ሠራሁ። የስድስቱ ስም በቁልቁል፣ ቀኖቹ በአግድም። ለመለሰ ራይት፣ ላልመለሰ ዜሮ። ማንም አላዘዘኝም። ስም ካልተያዘበት ክፍል አይመስለኝም ነበር። ለሽማግሌው ስድስት ዜሮ በተከታታይ ሰጠኋቸው።

በእስር ቤት የስም ዝርዝር ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሹፌሩ «ቅደደው» አለኝ። «ሳምንቱን ልጨርስና» አልኩት።

ፍተሻው በማግስቱ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት ስንመለስ መጣ። ወረቀቱ ከኮቴ ገበር ውስጥ ወጣ።

መርማሪው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበባቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ስድስት ሰው። እዚህም ገብተህ ሕዋስ ታደራጃለህ።»

«ተማሪዎቼ ናቸው።»

«ራይቱ ምንድን ነው?»

«የመለሰ።»

«ዜሮውስ?»

«ያልመለሰ።»

«ይሄ ሰውዬ ስድስት ጊዜ ዜሮ ነው። ምን ታዝዞ ነው እምቢ ያለው?»

የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ስድስት ሰው ይበላ ነበር። ትምህርት መሆኑን አስረዳሁት፤ ሳስረዳ ደግሞ ማብዛት ልማዴ ነው። በእጁ አስቆመኝ።

«ትምህርት ከሆነ እናያለን። ዜሮውን አምጡት።»

ሁለት ጠባቂዎች ሽማግሌውን ደግፈው አመጧቸውና መሬት ላይ አስቀመጧቸው።

«በምታስተምረው ቋንቋ እዘዘው» አለኝ። «ካልገባው ስድስቱንም እወስዳለሁ።»

አንድ ቀን እንኳ መልሰውልኝ አያውቁም።

«ሌቫንቴሴ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጋራውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን መሬት ላይ ተከሉና የእግራቸውን ጠርዝ ብቻ እየረገጡ ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም።

«ላቬሴ።»

በሌለ ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው፣ ከጆሯቸው ኋላ፣ አንገታቸውን። አልቸኮሉም። አንደኛው ጠባቂ ሳቁን ዋጠ። መርማሪው አልሳቀም።

«አሁን ተንበርከክ በለው።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ኩባ እያለሁ የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ችግኝ ስታስተክለን በየቀኑ ትለን ነበር። አሠራሩም እንደሌሎቹ ነው።

«ገና አልደረስንበትም» አልኩ።

«ምን?»

«ትምህርቱ ቅደም ተከተል አለው፣ ጓድ። እሱ ገና ነው።»

መርማሪው ወረቀቱን ጨምድዶ አጥሩ ሥር ወረወረው፤ የስድስቱም ነገር በዚያው ቀረ።

«እንግዲያው አንተ ተንበርከክ» አለኝ፣ በአማርኛ።

ጠጠሩ ላይ እስከ ቀትር ቆየሁ። ወደ ጋራዡ ስመለስ ሽማግሌው በሩ አጠገብ፣ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል።

«ይቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ» አለኝ ሹፌሩ። «መምህሩ አላዘዘኝም ነው የሚሉት።»

«ሲየንቴሴ» አልኳቸው። ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ነበር።

«ያውቁ ኖሯል» አልኳቸው። «ለምን አልመለሱልኝም?»

«እንድናገር ነው የጠየቅከኝ። መስማቴን አልጠየቅከኝም።» ከዚያ «ለዛሬው ምን ሰጠኸኝ?» አሉ።

ወረቀት አልነበረኝም። መኝታዬ ላይ፣ የዘይቱን እድፍ በጥፍሬ ፍቄ ራይት ጫርኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ፊደል አይቆጥሩም ነበር፤ ይቺን ግን አወቋት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባሉ። ወደ ቤታቸው ይሁን ወደ ሌላ ቦታ አላወቅንም። ልሸኛቸው ብድግ ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው «ሲየንቴሴ» አሉኝ።

አሁን ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አስተምራለሁ። የስም መቆጣጠሪያ ዛሬም እይዛለሁ፤ ያለሱ አይሆንልኝም። ለመለሰ ራይት አለ። ዝም ላለው ግን ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ መዝገቤን ሲያዩ «ይሄ ባዶ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

«ገና በደንብ አልጠየቅሁትም» እላቸዋለሁ።