ጋሼ ወርቁ ከእኅታቸው ቀብር ለምን ቀሩ

ጋሼ ወርቁ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ አርፈዋል፤ ሐሙስ ቀብረናቸዋል። ቶርንተንም ሴንቴኒያልም አዲስ አበባም ያላችሁ፣ የሚያውቋቸው ሁሉ፣ ያልሰማችሁ ስሙና ነፍስ ይማር በሉ።

በቀብሩ ላይ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተነግሯል። አንዱም ውሸት የለበትም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከእንግልውድ የመጣ አንድ የሥጋ ዘመዳቸው አጠገቡ ላለው ሰው፣ «ደግ ነበር ይላሉ፤ ያሳደገችው እኅቱ ስትሞት ግን ስዊዘርላንድ ይዝናና ነበር። ና ሲሉት እንኳ እምቢ አለ» ሲል ሰማሁት። ተነሥቼ መናገር ሲገባኝ ንፍሮዬን ቆርጥሜ ወጣሁ። ስለዚህ ይኼን እጽፋለሁ። እኔ ማሞ ነኝ። ፊደሌ የተወላገደ ነው፤ የሚነቅፍ ይንቀፈው።

ጋሼን ያወቅኋቸው በሥራ ነው። ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቼር እንገፋ ነበር፤ እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገፍተዋል። ሥራ በጀመርኩ ቀን አንዲት ፈረንጅ ባልቴት አስቀምጬ ሳከንፋት አይተው አስቆሙኝ።

«አንተ፣ ድንች ነው የጫንከው?»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ሰው ከኋላው ሲገፋ የሚገፋውን አያየውም፤ ይፈራል። መጀመሪያ ወዴት እንደምትወስደው ንገረው፤ ከዚያ ግፋ።»

እሳቸው እንደዚያ ነበር የሚሠሩት። እንግሊዝኛቸው ከእኔ የሚሻል አልነበረም። ቢሆንም ጎንበስ ብለው፣ አሁን ወደ ግራ ነን፣ አሁን ሊፍት ልንገባ ነው፣ እያሉ ነበር የሚገፉት። ከአገር ቤት የመጣች እናት ቋንቋ ጠፍቷት ስትደናገጥ ካዩ ደግሞ፣ ሥራቸው አልቆም ቢሆን፣ ልጇ መኪናውን ፓርክ አድርጎ እስኪመጣ ትተዋት አይሄዱም። አንዴ የአንዷ ልጅ በረዶ መንገድ ዘግቶበት ሲዘገይ፣ ምሳቸውን ተካፍለው ግማሽ ቀን አብረዋት ተቀመጡ። «ወደ ቤትዎ አይሄዱም?» ብላቸው፣ «እትዬ ብትሆንስ?» አሉኝ።

እትዬ የሚሏቸው ታላቅ እኅታቸውን፣ ወይዘሮ ዘነበችን ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ጋሼ እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ሳይደውሉላቸው ውለው አያውቁም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሰመር፣ ስዊዘርላንድ ሄድን። የጥንት ወዳጃችን ዮሐንስ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ይኖራል፤ ኑ፣ ኑ ሲለን ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። አሜሪካ ከገባሁ ለእኔ የመጀመሪያው ቫኬሽን ነው። ጋሼ ከባቡሩ ወርደው ተራራውን ቀና ብለው አዩና፦

«ዮሐንስ፣ ይኼን ልታሳየን ነው ውቅያኖስ ያሻገርከን? ተራራስ አውሮራም ከግሮሰሪው በር ላይ ቆመን እናያለን።»

«የእናንተው ሩቅ ነው ጋሼ። ይኼ እራስዎ ላይ ነው ያለው።»

«እሱስ ልክ ነህ። ቢወድቅ አይስተንም» አሉ።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ጋሼ ሻወር ሲወስዱ ስልኬ ጠራ። የእትዬ ልጅ ብሩክ ነው። ጋሼ ባትሪ ሲጨርሱ በእኔ ስልክ ስለሚደውሉ ቁጥሬ አለው።

«ጋሽ ማሞ፣ እናቴ ትናንት ማታ አረፈች» አለኝ፤ ለቅሶው ያቋርጠዋል። «እንደ ወጉ ብዬ ለእሳቸው አልደወልኩም። እባክዎ ያርዷቸውና ይጠይቁልኝ። የሚመጡ ከሆነ ቀብሩን እስከ ማክሰኞ እናቆየዋለን። ካልሆነ ዛሬ ከሰዓት ነው።»

ለዮሐንስ ነገርኩት። ቶሎ ብሎ፣ «ዛሬ ማታ ቢሳፈሩ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ናቸው። ንገራቸው» አለ።

«በሰው አገር፣ በመንገድ ላይ፣ መርዶ ይነገራል? ሽማግሌው የታለ? የሚይዛቸው ሰው የታለ? አንተ ፈረንጅ አገር ኖረህ ወግ ጠፍቶብሃል» አልኩት።

«ወጉ ለሟች ነው ወይስ ለአንተ?»

«ልባቸው ደካማ ነው፤ አልነግርም ብያለሁ!»

አንዴ አልነግርም ካልኩ አልመለስም፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ያንን ዕረፍት እስከዚያ ዕድሜዬ አግኝቼው ስለማላውቅ እንዲበላሽብኝም አልፈለግሁም። ጓሮ ወጣሁና ለብሩክ መልሼ ደወልኩ።

«አይመጡም። ቅበሩ።»

«ሰምተዋል?» አለኝ።

«ሰምተዋል» አልኩት።

ይኼን ዮሐንስም አያውቅም።

የጋሼን ስልክ ቻርጅ ላድርግልዎ ብዬ ወሰድኩና አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ በተራራው ባቡር ወጣን። ጋሼ፣ እሑድ መሆኑ ነው፣ ለእትዬ ልደውል አሉ። «ኔትወርክ የለም፤ ተራራው ጋርዶት ነው» አልኳቸው። ጥቂት እንደሄድን አንድ ላም ጠባቂ ከላሞቹ መሐል ቆሞ በስልክ ያወራል።

«ማሞ፣ እዚህ አገር ኔትወርኩ ለላም ብቻ ነው?» አሉኝ።

እኔ ከድንጋጤዬ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ስስቅ አይተው ከልባቸው ሳቁ። ዮሐንስ ፊቱን አዞረ። በዚያው ሳቅ ላይ እንዳሉ ፎቶ አነሣኋቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እትዬ የሚቀበሩበት ሰዓት ነበር። ፎቶውንም ለልጆቼ ላክሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብሩክ ዘንድ ደረሰ። ዘመዶቻቸው «ይዝናና ነበር» የሚሉት ያንን ፎቶ አይተው ነው።

ሐሙስ አውሮራ ገባን። ዓርብ ማለዳ እኔው ሽማግሌ ሰብስቤ ቤታቸው ሄድን። በሩን ከፍተው ሁላችንንም በተራ አዩን።

«ማን ናት?» አሉ።

«እትዬ ናቸው» ተባሉ።

እንዴት እንዳለቀሱ አልጽፈውም። ሲበርድላቸው፣ መቼ ነው? ብለው ጠየቁ፤ ባለፈው ቅዳሜ መሆኑ ተነገራቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ተራራው ላይ ስንስቅ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር ጋሼ።»

«ስንቱን አሮጊት ገፍቻለሁ። ወዴት እንደምወስዳት ሳልነግራት አንድ እርምጃ ገፍቼ አላውቅም። አንተ እኔን አምስት ቀን ገፋኸኝ።»

ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው። በዚያው ቀን ለብሩክ ደውለው ሊያለቅሱ ቢሉ፣ ልጁ በሁለት ቃል መልሶ ዘጋባቸው። እሱ እያወቁ የቀሩ ነው የመሰለው። እሳቸው ደግሞ ለምን ፊት እንደነሣቸው እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ «እኔ ለዚህ ልጅ ምን አድርጌው ነው?» ይሉ ነበር።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁባቸው። በሁለተኛው፣ «ይቅር ብዬዋለሁ። ቤቴ ግን አይምጣ፤ እሱን ባየሁ ቁጥር እትዬ ስስቅ ነው የምታየኝ» ብለው መለሱ። እነሆ፣ ይቅርታውም ለግማሹ ጥፋት ነው። ሌላውን ግማሽ መች ነገርኳቸው?

ብሩክ፣ ይኼ ሲነበብልህ ስማ። አጎትህ አልሰሙም ነበር። ሰምተዋል ያልኩህ ዋሽቼ ነው።

ጋሼ ወርቁ፣ በሕይወትዎ ሳሉ ለመናገር አፌ ተሳሰረ፤ አሁን ሬሳዎ ከወጣ በኋላ ተፈታ፤ ምን ያደርጋል! ብሩክ ጠርቶዎ ነበር። ሬሳውን ለእርስዎ ሊያቆይልዎ ነበር። አይመጡም ያልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሽማግሌ አልልክብዎትም፤ ሙሉውን ይቅር ይበሉኝም አልልም። በሰላም ይረፉ። እትዬ ዘነበች ከደጅ ተቀብለው፣ «ምነው ወርቁ፣ አፈር ሳታለብሰኝ?» ያሉዎ እንደሆነ፣ አንገትዎን እንዳይደፉ። «ማሞ ዋሽቶብኝ ነው» ይበሏቸው።