ደብተሩን ያላወጣሁበት ቀን

ሮማ ያሉ ሐበሾች ከብዙ ዓመት ውጣ ውረድ በኋላ የከፈትኩትን የእኔን ጋራዥ ሲያነሡ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰውዬው ግን ሥርዓት የለውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ደንበኛ ፊቱን አጥቁሮ ከገባ፣ ሰላምታችን ሳያልቅ ደብተርና እስክሪብቶ እሰጠዋለሁ። «ምን ሆነ? መቼ? እዚህ ይጻፉት፣ እኔም ከሥሩ መልሴን እጽፋለሁ» እላለሁ። ትልቅ ሰው ነው ብዬ አልተውም። የሚቀየም ይቀየም። ይህን ጠባይ ያመጣሁት በደርግ ዘመን፣ የሰው ተቀጣሪ ሳለሁ ከሠራሁት ስሕተት ነው።

ያኔ ቀይ ሽብሩ ታላቅ ወንድሜን በልቶት፣ እኔ በትምህርት ሰበብ ወጥቼ ሮማ ቀርቼ ነበር። ኤምባሲው ተመለስ ይለኛል፤ ከተመለስኩ ግን የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። እዚህ ያቆየኝ አንድ ወረቀት ነበር፣ ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴ። ፔርሜሶዬ የሚታደሰው ደግሞ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ስለሆንኩ ብቻ ነው። በየዓመቱ ለማሳደስ ስሰለፍ የአለቃዬን ደብዳቤ በደረት ኪሴ ይዤ በየደቂቃው በእጄ እየዳበስኩ እቆም ነበር።

አንድ ቀን፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ የተከበሩ ኢትዮጵያዊ መኪናቸውን ለፍሬን አመጡልን። ጋሼ እላቸዋለሁ። ያለቀውን የፍሬን ሸራ ፈትቼ አዲሱን ላስገባ ስል አለቃዬ «ቫ ቤኔ፣ እሺ በቃ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንተ ወደዚያኛው መኪና ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። ሥራ ስንጨርስ እንደ ልማዴ፣ የሠራው መካኒክ በሚፈርምበት የጋሼ መኪና የሥራ ካርድ ላይ ፈረምኩ። በማግስቱ አዲሱን ሸራ ከነማሸጊያው መደርደሪያ ላይ አየሁት። አሮጌውን መልሶ ገጥሞታል! ስጠይቀው «ያንተ ሥራ መፍታት ነው» አለኝ። ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። ፈራሁና ዝም አልኩ። ይህን ለማንም ላስተባብል አልፈልግም።

በሳምንቱ ጋሼ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሏቸው ከግንብ ጋር ተላተሙ። እሳቸው ተረፉ፤ የባለቤታቸው ክንድ ተሰበረ።

ጋራዥ ሲመጡ አለቃዬ አልነበረም። በሩ አጠገብ፣ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ሁሉ እንዲይዝ የሚገደደው የአቤቱታ ደብተር በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ደንበኛው ይጽፋል፣ ጋራዡ በጽሑፍ ይመልሳል፣ መኪናውን ሌላ ባለሙያ ያየዋል። ግን የአባቴን እኩያ፣ በንዴት ፊቴ ቆመው፣ «እንኩ ይጻፉ» ልበላቸው? ነውር መሰለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎን ከዚህ ደብተር ጋር ምን አታገለዎት? ሽማግሌ ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ» አልኳቸው። ቁጣቸው በረድ አለ። እኔም በጨዋነቴ ኮራሁ። ቂል!

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። ትልቁ፣ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩና ጣልያንኛ የማያውቁ አባባ፣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ማን አጠፋ ማን አላጠፋ እያልን አንከራከርም። ብቻ አጥፍቻለሁ በል፣ የቀረውን ለእኛ ተወው።»

ስለ አለቃዬ ብናገር ወሬው እሱ ጆሮ ይገባል፣ ሥራዬም አበቃ። ጋሼ እግር ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዘው አነሡኝ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። ተሳሳምን፣ ምሳ ቀረበ፣ አባባ መረቁ። ለእኔ ነገሩ እዚያው አልቋል።

አላለቀም። ጋሼ መኪናቸው እንዲጠገን ሲጠይቁ አለቃዬ ደብተሩን ገልጦ አሳያቸው። «አሎራ፣ ታዲያ አቤቱታዎ የታለ? እዚህ ምንም የለም።» ጋሼ ተናደው ለጋራዦች ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ጻፉ፤ መካኒኩ በሦስት ሰዎች ፊት ጥፋቱን አምኗል ብለው ጻፉ። እርቁ ማስረጃ ሆነብኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ችሎት የተሰየመው መስኮቱ በማይከፈት ጠባብ ክፍል ነው። አለቃዬ የሥራ ካርዱን አውጥቶ ፊርማዬን አሳየ። እውነቱን ብናገር፣ ያውም ከታመንኩ፣ ጋራዡ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ሥራዬ ይቀራል። ዝም ብል ጥፋቱ የኔ ይሆናል፣ ሥራዬ ይቀራል። በየትም ዞሬ ብመጣ ፔርሜሶዬ የለም። ስለ አለቃዬ ሳልናገር ተስፋዬን አባባ ላይ ጣልኩ።

ጉዳዩን የሚሰሙት ሹም አባባን ለምስክርነት ጠሩ። አስተርጓሚ አልቀረበም። ሹሙ ወደ እኔ አዩና «አንተ ተርጉም» አሉኝ።

«ይህ ሰው አጥፍቻለሁ ብሏል?» የሚለውን ጥያቄ ለአባባ በአማርኛ ነገርኳቸው።

«ብሏል» አሉ አባባ። «ግን በል ያልነው እኛ ነን። ለእርቅ ብሎ ነው የተናገረው። ያጥፋ አያጥፋ እኛ አልጠየቅነውም።»

ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሹሙ እስከ «ብሏል» ድረስ ጻፉና ብዕራቸውን አቆሙ።

«ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው ወይስ አንተ?»

ክፍሉ ውስጥ አማርኛም ጣልያንኛም የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው ነበር፤ ጋሼ። አየኋቸው። «ልክ ነው» ቢሉ ይበቃኛል። ቢሉ ግን ደብዳቤያቸው ይፈርሳል፣ ለሚስታቸው ክንድ በማንም ላይ ሳይፈረድ ይቀራል። ጋሼ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አባባ አንዴ እኔን አንዴ ሹሙን እያዩ «ምነው፣ አልገባቸውም እንዴ?» ይሉኛል።

ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ተባለ። አለቃዬ በማስጠንቀቂያ ታለፈ፣ እኔን ያን ዕለት አሰናበተኝ። ፔርሜሶዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ የተከራየኋት ክፍል በር ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዘው መጥተዋል። እንደሚመጡ ሰምቼ ስለነበር ጠረጴዛዬ ላይ ንጹሕ ወረቀት አስቀምጫለሁ። በትክክል ነው የተረጎመው ብለው ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ይግባኝ ማለት እችል ነበር።

«በድዬሃለሁ» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ይጻፉልኝ።»

«በእርቅ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ሌላውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ወረቀቱን አዩት፣ ግን እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። አባባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከአልጋዬ ጫፍ ተነሡ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ አየሁ። እኔ እግር ላይ ሊወድቁ ነው!

አላስቻለኝም። ዘልዬ ያዝኳቸው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፤ የጋሼንም ትከሻ ሳምኩ። ሁሉም እፎይ አሉ። አባባ መረቁኝና ተራ በተራ ወጡ። «ወረቀት ምን ያደርጋል?» ያሉት ሽማግሌ ከበሩ ተመልሰው ኮፍያቸውን አነሡ። ያስቀመጡት ባዶው ወረቀት ላይ ነበር።