ከራሷ ክንድ መርፌውን ነቅላ የደረሰችልኝ ሞሚና

ልጇ ዘሀራ ዛሬ ጠዋት ደውላ «እናቴ ሞተች» ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁባት። ተሳስታ ነው ብዬ ሞሚና ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ያቺው ዘሀራ ነች።

ይህን የምጽፍላችሁ ቤቷ ለመሄድ እየተጣደፍኩ ነው። የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ብዙዎቻችሁ ሞሚናን የምታውቋት ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ፣ ገዢውን ሁሉ «አቦ ንካው፣ አይነክስም!» ስትል ነው። እኔ ግን የተዋወቅኳት በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ሆስፒታል ውስጥ አልጋችን ጎን ለጎን ሆኖ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ እሷ ሃያ ሦስት። የሁለታችንም በሽታ አስም ነበር። ቤተሰቦቿ በርበሬ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ወደ ጨርቅ የዞረችው ብናኙ ትንፋሽ ቢያሳጣት ነው።

ያኔ እንደ አሁኑ አፍ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት በየቤቱ የለም። ሲብስብን በጋሪ ይወስዱናል፤ መድኃኒቱ ከጠርሙስ በጎማ ቱቦ ወደ ደም ሥራችን ለሰዓታት ይንጠባጠባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና። ሰዉ የተሰቀለውን ጠርሙስ ሁሉ «ግሉኮስ» ነው የሚለው። በሰፈራችን ደግሞ ግሉኮስ የተሰቀለለት አይመለስም ይባላል። እናቴ ጠርሙሱ ሲሰቀል ስታይ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ እኔ እያየኋት!

እንዴት እንደምፈራ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዓይኔን ከጠብታው አልነቅልም። አንዷ ጠብታ ካመለጠችኝ ልቤ ቀጥ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ሞሚና ሁለት ቀን አየችኝና «አንቺ፣ ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ፈራሁ።»

«ፍሪ። ግን እያወራሽኝ ፍሪ።»

ይቺን ነገር ከዚያ በኋላ ስንቴ እንዳለችኝ! ምጥ ይዞኝ እንኳ ብላኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጠርሙሴን ቀይራ ወጣች። ጠብታውን የሚቆጣጠረው ማጥበቂያ ላልቶ ነው መሰለኝ፣ መድኃኒቱ ይወርድ ጀመር፣ ዝም ብሎ እንደ ውሃ። ልቤ ደረቴን ሰብራ ልትወጣ ደረሰች። ጣቶቼ ተንቀጠቀጡ፣ አስመለሰኝ። ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም። እናቴ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች።

ከሞሚና ጋር እያወራን ስለነበር፣ ዝም ስላት ዞር አለች። ጠርሙሴን አየችው። «ነርስ!» አለች፤ ድምጿ ግን በሩ ጋ እንኳ አልደረሰም። ያን ቀን ከእኔ ይልቅ የባሰባት እሷ ነበረች። ጠዋት የደም ሥሯን ያገኙት አራት ቦታ ወግተዋት ነው።

ያንን መርፌ ነቀለችው።

ደሟ በክንዷ እየወረደ፣ ግድግዳ ይዛ በባዶ እግሯ መጣች። ቱቦዬን አጥፋ በጡጫዋ ጨበጠችው። ጠብታው ቆመ። «አለሁ… አለሁ…» ትለኛለች፤ በየቃሉ መሃል ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። በሌላው እጇ የብረት ሳህኑን አንስታ ወለሉ ላይ ወረወረችው። የክፍሉ አስታማሚ፣ ድሬሰሩ፣ በድምፁ ሮጦ ገባ። ቱቦውን ሲቀበላት ወደቀች።

እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ሁለት ሰው ክንዷን ይዞ ደም ሥር ይፈልጋል፤ የለም። በእጇ ጀርባ ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ። በመጨረሻ እግሯ ላይ አገኙ። የእኔ ልብ እየረገበ ሲሄድ የእሷ ጥፍር ሰማያዊ እየሆነ ነበር። በእኔ ምክንያት ልትሞት ነው ብዬ አንሶላውን ነከስኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። «ተዋቡ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ ሁለተኛ እዚያ አልገባም ብዬ ማልኩ። ከአንድ ወር በኋላ ሲነሳብኝ የአልጋውን እግር ይዤ አልሄድም አልኩ። እናቴ ጨነቃት፤ እስከ ሰፈሯ ገንደ ቆሬ ድረስ ልካ ሞሚናን አስጠራቻት።

«እሞታለሁ፣ አልሄድም» አልኳት።

አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ወላሂ እኔም እፈራለሁ። ከአንቺ በላይ እፈራለሁ። ነይ፣ አብረን እንፍራ።»

እኔ ጀግና ትመስለኝ ነበር። እንደምትፈራ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትተኛ እኔ፣ እኔ ስተኛ እሷ አጠገብ መቀመጥ ሆነ ሥራችን፤ የሚነፋው መድኃኒት መጥቶ እስኪገላግለን ድረስ።

ባለፈው ወር ሐኪሙ ለመገጣጠሚያ ሕመሜ በየወሩ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘልኝ። የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ለሞሚና ስነግራት ሳቀችብኝ። «በዚህ ዕድሜሽም? እመጣለሁ አቦ፣ ወንበር አስይዢልኝ።» ዘሀራ እንደነገረችኝ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ለሶላት እንደተቀመጠች ነው ያረፈችው። የትንፋሿ ነገር አላስጨነቃትም አሉ። ይህን ስሰማ ብቻ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሞሚናዬ፣ ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ ለቀብር ይወስዱሻል። ቤትሽ ከሴቶቹ ጋር ነው የምቀመጠው፤ መቃብር የሚሄዱት ወንዶቹ ስለሆኑ ከበሩ ወዲያ አልሸኝሽም። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። እንዲህ የፈራሁት ያኔ ሆስፒታል ብቻ ነው። ሐሙስ ግን እሄዳለሁ።

በሰላም ግቢ፣ እህቴ።